መጠይቁ በየዓመቱ ይመጣል፤ መልሱስ የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ሆነው ስላገኘናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ የጤና አገልግሎት ጥናት ነው፤ ምን ይጠና፣ ምን ይቆይ፣ ይህንንስ የሚወስነው ማነው? ደብዳቤዎቹ ለቦታ ሲባል አጥረዋል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ነኝ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሰባት የጥናት ቡድኖች የትብብር ደብዳቤ ይዘው መጥተውብናል። ስድስቱ የጠየቁት ስለ ቅድመ ወሊድ ክትትል የእናቶችን ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር ነው። ባለሙያ መድበን፣ መዝገብ አውጥተን፣ ቀበሌ ለቀበሌ መርተን ሸኘናቸው፤ ውጤቱን ይዞ የተመለሰ ግን አንድም የለም። እኛን የሚያስጨንቀን ሌላ ነው። ሌሊት የመጣች ወላድ ደም ሲፈስሳት ሕክምና እስክታገኝ ስንት ደቂቃ ትጠብቃለች? ወደ ሆስፒታል ስንልካት በመንገድ ላይ ምን ይገጥማታል? ይህን የሚያጠናልን አላገኘንም። ለመሆኑ የጥናት ርእስ የሚመርጠው ማነው?

መልስ፦ በወረቀት ላይ ያለውንና በተግባር የሚሆነውን ለይቼ ላስረዳዎ። በወረቀት ላይ የጤና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና ዩኒቨርሲቲዎች የጥናት የትኩረት መስኮች አሏቸው። በተግባር ግን ርእሱን የሚመርጡት በአብዛኛው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የተማሪው የመመረቂያ ቀን፣ አማካሪው ከዚህ በፊት የሠራበት መጠይቅ እና ገንዘብ የሚሰጠው አካል የዚያ ዓመት ፍላጎት። የእርስዎ ጤና ጣቢያ ጥያቄ ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱም በር አይገባም። ስለዚህ ስድስት ቡድን አንድ ጥያቄ ይዞ መምጣቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ የአሠራሩ ውጤት ነው።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ችግር እንዳልሆነ የሚያሳይ የቆየ ማስረጃ አለ። በ1990 «የጤና ምርምር ለልማት ኮሚሽን» የተባለ ዓለም አቀፍ ቡድን ባወጣው ሪፖርት፣ በ1986 በዓለም ዙሪያ ለጤና ምርምር ከዋለው ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ በማደግ ላይ ያሉ አገሮችን ችግር የሚመለከተው 5 በመቶው ብቻ መሆኑን አሳየ፤ በወቅቱ ሊከላከሉት ይቻል ከነበረው የዓለም ሞት ውስጥ 93 በመቶው የነበረው ደግሞ በእነዚሁ አገሮች ነበር። ኮሚሽኑ መፍትሔ ያደረገው ገንዘብ መጨመርን ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ አገር፣ ድሃም ቢሆን፣ የራሱን አንገብጋቢ ጥያቄዎች ራሱ ለይቶ የሚያጠናበት አቅም እንዲኖረው ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስብሰባ ተደርጓል፤ ሐሳቡ ግን ከዋና ከተማ ወጥቶ ወረዳ ድረስ የወረደው በጥቂቱ ነው ባይ ነኝ።

ወደ ራስዎ ጥያቄ ልመለስ፤ እጅግ ትክክለኛ ጥያቄ ነውና። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቻችን መሠረት በ2000 በጤና ተቋም የሚወልዱ ኢትዮጵያውያን እናቶች ከመቶ 5 ገደማ ነበሩ። በ2011 ከመቶ 10፣ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ደረሱ። እናት ለምን ወደ ጤና ተቋም አትመጣም የሚለው ጥያቄ ከመቶ 5 በነበርንበት ዘመን የመጀመሪያው ጥያቄ መሆኑ ተገቢ ነበር። አሁን ግን የዚያኑ ጥናት ሌላ ቁጥር ጎን ለጎን ይመልከቱ። በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ የሚሞቱት በ2011 ጥናት 37፣ በ2016 ጥናት 29፣ በ2019 ጥናት ደግሞ 33 ናቸው። ከ29 ወደ 33 የታየው ልዩነት በናሙና ስሕተት ወሰን ውስጥ ሊወድቅ ስለሚችል «ጨመረ» ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን በሦስት ዓመት ውስጥ በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ወደ እጥፍ ሲጠጉ የጨቅላ ሕፃናት ሞት አብሮ አለመውረዱ አንድ ነገር ይነግረናል። እናቶች በሩን አልፈው ገብተዋል፤ ከበሩ በኋላ ያገኙት ምንድን ነው የሚለው ነው ጥያቄው።

እርስዎም ባልደረቦችዎም በሥልጠና ደጋግማችሁ የሰማችሁት የሦስቱ መዘግየቶች ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የመጀመሪያው መዘግየት ለሕክምና ለመሄድ በመወሰን ላይ ነው፤ ሁለተኛው ተቋሙ ድረስ በመድረስ፤ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት። ለመጠይቅ የሚቀለው የመጀመሪያው ነው። እናትን ቤቷ ድረስ ሄዶ «ስንት ጊዜ ክትትል አደረግሽ? የአደጋ ምልክቶችን ጥቀሺ» ማለት ይቻላል፤ ናሙናውም፣ ማለትም የሚጠየቁት እናቶች ብዛት፣ በታወቀው ቀመር 384 ይወጣል፣ ምላሽ ለማይሰጡት 10 በመቶ ይጨመርበትና 423 ይሆናል። (በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች መደርደሪያ ላይ 423 እናቶች ምን ያህል ጊዜ እንደተጠየቁ ቢቆጠር ራሱን የቻለ ጥናት ይወጣዋል። እኔም በወጣትነቴ 423 ጠይቄአለሁና ነቀፌታው ራሴንም ይጨምራል።) ሦስተኛውን መዘግየት ለማጥናት ግን ሌሊት ማደር፣ ሰዓት መያዝ፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ለማቆም የሚሰጠው የኦክሲቶሲን መድኃኒት የሚቀመጥበትን ማቀዝቀዣ ከፍቶ ማየት፣ የደም ባንክ ስልክ ስንት ጊዜ እንደተደወለ መቁጠር ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ የራስን የሙያ ባልደረባ ሥራ መመዘን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ ነገር ልጨምር። ጥያቄው ሳይጠና የሚቀረው በተመራማሪዎች ብቻ ሳይሆን በተቋም ኃላፊዎችም ምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል ወላዶች ከደረሱበት ሰዓት እስከ ቀዶ ሕክምና ያለውን ጊዜ ለማጥናት ሞክሬ ነበር። ፈቃዱ ተሰጠኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ሰዓት የሚመዘገብበት የመዝገቡ ዓምድ ባዶ ሆኖ መገኘት ጀመረ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም አልመዘገበምም። በኋላ እንደተረዳሁት አዋላጅ ነርሶቹ ጥናቱን እንደ ክስ መዝገብ ቆጥረውት ነበር፤ ከመጀመሪያው አንሥቼ ርእሱን አብሬያቸው ስላልመረጥሁ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስለዚህ ከእርስዎ በኩል የሚጀመር ነገር አለ። በየወሩ በምታደርጉት የአፈጻጸም ግምገማ ላይ ሠራተኞቹ «ብናውቀው ኖሮ ነገ አሠራራችንን የምንቀይርበት ጥያቄ የትኛው ነው?» ለሚለው መልስ የሚሰጡበት አንድ ገጽ ይኑራችሁ። የሌሊቷ ወላድ የደቂቃ ጉዳይ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፍ። በዓመቱ ውስጥ የተሰበሰቡትን ከጎረቤት ጤና ጣቢያዎች ጋር አስተያይታችሁ አምስት ያህሉን በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል በአቅራቢያችሁ ላለው ዩኒቨርሲቲ በይፋ ደብዳቤ ላኩ። ቀጥሎ የሚመጣው ቡድን የትብብር ደብዳቤ ሲያቀርብ ዝርዝሩን አሳዩት፤ ውጤቱን በአማርኛ በሁለት ገጽ አዘጋጅቶ ተመልሶ ለሠራተኞቹ እንዲያቀርብም በጽሑፍ ያስፈርሙት። ይህን የሚከለክል መመሪያ መኖሩን አላውቅም።

ጥያቄ፦ በጎንደር የኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ «መረጃ የሚገኝበትን ርእስ ምረጥ» ይሉኛል፤ እኔ ግን የሚጠቅመውን መምረጥ እፈልጋለሁ። ለመሆኑ ከጥናት ርእሶች መካከል የሚበልጠውን ለመለየት ሳይንሳዊ ዘዴ አለ ወይስ የእያንዳንዱ ሰው ምርጫ ነው?

መልስ፦ ዘዴ አለ፤ እንዲያውም ብዙ አለ። ለአንተ ይበልጥ የሚጠቅምህ በሕፃናት ጤና መስክ ኢጎር ሩዳንና ባልደረቦቹ በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ያዘጋጁት፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲኤችኤንአርአይ የሚባለው ዘዴ ነው። ባለሙያዎች በመስኩ ያሉትን የጥናት ጥያቄዎች በዝርዝር ያወጣሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ባለሙያ ለየብቻው እያንዳንዱን ጥያቄ በአምስት መስፈርቶች ይመዝናል። ጥያቄው በጥናት ሊመለስ፣ በሥነ ምግባርም ተቀባይነት ሊኖረው ይችላልን? መልሱ የሚሠራ አገልግሎት ያስገኛልን? ያ አገልግሎት በአገሪቱ አቅምና ዋጋ ለሕዝብ ሊደርስ ይችላልን? ሞትንና ሕመምን ምን ያህል ይቀንሳል? በመጨረሻም ጥቅሙ ለድሃውና ለተገለለው ይደርሳልን? «አዎ» 1፣ «ምናልባት» 0.5፣ «አይደለም» 0 ይሰጠዋል፤ «በቂ ዕውቀት የለኝም» ያለ ባዶውን ይተወዋል። ነጥቦቹ ሲደመሩና በአማካይ ሲሰሉ ጥያቄዎቹ በደረጃ ይሰለፋሉ።

ዘዴው የተወለደበትን ምክንያት ብታውቅ አጠቃቀሙን በተሻለ ትረዳዋለህ። በ2007 የታተመ አንድ ትንታኔ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማትና የጌትስ ፋውንዴሽን ሕፃናትን በሚገድሉ ዋና ዋና በሽታዎች ላይ የሰጧቸውን የምርምር ድጋፎች ሲመረምር፣ 97 በመቶው አዲስ ቴክኖሎጂ ለመፍጠር የዋለ ሆኖ አገኘው። እነዚያ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች ቢሳኩ የሕፃናትን ሞት በ22 በመቶ ይቀንሱ ነበር፤ በእጃችን ያሉት ነባር መፍትሔዎች ለሁሉም ቢዳረሱ ሊገኝ ከሚችለው ቅናሽ ግን ይህ አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ክትባቱ አለ፣ ኦአርኤሱ አለ፣ አንቲባዮቲኩ አለ፤ ያልተጠናው እነዚህ ከመጋዘን ወጥተው ሕፃኑ ዘንድ እንዴት ይድረሱ የሚለው ነው። የጤና አገልግሎት ጥናት የሚባለው ይኸው ነው።

ከአገራችን ምሳሌ ልስጥህ። ጨቅላ ሕፃን ከባድ ኢንፌክሽን ሲይዘው መመሪያው ወደ ሆስፒታል ይላክ ይል ነበር፤ ብዙ ወላጆች ግን በርቀት፣ በወጪ ወይም እናቲቱ ከአራስ ቤት ባለመውጣቷ ምክንያት አይሄዱም። አንዱ የጥናት ጥያቄ «የተሻለ አንቲባዮቲክ ይገኝ ይሆን?» ሊሆን ይችል ነበር። የተመረጠው ሌላው ነው፦ «ሪፈራል በማይቻልበት ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጤና ኬላ መርፌውን ብትሰጥስ?» ይህ በ2008 በተጀመረ ሰፊ ጥናት በኦሮሚያና በደቡብ ተፈተነ፤ በ2013 አገሪቱ ማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤን ስትጀምር ያው ሐሳብ የአገልግሎቱ አካል ሆነ። መድኃኒቱ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ማን፣ የት ይስጠው የሚለው ነበር።

ነጥብ መስጠቱ ግን እንዳያታልልህ። ባለሙያዎቹ ከአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት የወጡና አንድ ዓይነት ወንበር ላይ የተቀመጡ ከሆኑ 0.87 ተብሎ የሚወጣው ቁጥር የእነርሱን ልማድ በአሥርዮሽ ከመጻፍ አያልፍም። ውጤቱን ስታነብ ከነጥቡ በፊት ነጥብ የሰጡት እነማን እንደሆኑ ተመልከት።

ሌላው ምክሬ ከሁሉም ቀድሞ የሚሠራ ነው። ርእስህን ከመምረጥህ በፊት ጥያቄው ቀድሞ ተመልሶ እንደሆነ ፈትሽ። በ2009 ኢየን ቻልመርስና ፖል ግላስዚዩ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሕክምና ምርምር ከሚወጣው ገንዘብ 85 በመቶው ሊወገድ በሚችል ምክንያት እንደሚባክን ገምተዋል፤ የብክነቱ መነሻ ብለው የጠቀሱት ለሕመምተኛውም ለሐኪሙም የማይጠቅም ጥያቄ መምረጥ ነው፤ ቀጥሎም ቀድሞ የተሠራውን ሳያነቡ መጀመር ይመጣል። አማካሪህን በተመለከተ፣ «መረጃ የሚገኝበት» ያሉት ስሕተት አይደለም፤ መረጃ የሌለው ጥያቄ በአንድ ዓመት አይመለስም። ሁለቱን ለማስታረቅ መንገድ አለ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድና ሠራተኞቹ የሚጨነቁበትን ጠይቅ፣ ከዚያ ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መረጃ በነባሩ መዝገብ ወይም የጤና ተቋማት ሪፖርት በኮምፒውተር በሚሰበሰብበት በዲኤችአይኤስ 2 ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ፈልግ። ሳይገኝ አይቀርም። ከላይ የጻፉልን የጤና ጣቢያ ኃላፊ ደግሞ ጥያቄያቸውን አስቀድመው ጽፈውልሃል።

ጥያቄ፦ (ይህን ደብዳቤ ከወላይታ አካባቢ ልጃቸው የጻፈላቸው እናት ናቸው።) እግሬ በዝሆኔ ከተያዘ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ዓመት ምሁራን ምን እንደሚጠና ለመምረጥ በተሰበሰቡበት «የኅብረተሰቡ ተወካይ» ተብዬ ተጠራሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አንድም ቃል ሳልናገር ተመለስሁ። እንደ እኔ ያለ ያልተማረ ሰው በዚያ መቀመጡ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ እናቴ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ ከነበሩት ሁሉ በሽታውን ሃያ ዓመት የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ዝም ያሉት አላዋቂ ስለሆኑ አይደለም፤ ስብሰባው እርስዎ እንዲናገሩ ሆኖ ስላልተዘጋጀ ነው።

ሕመምተኞች ካልተጠየቁ ምን እንደሚሆን በእንግሊዝ አገር የታየ ነገር አለ። በ2000 የታተመ ጥናት በጉልበት አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ላይ የተደረጉ ምርምሮችን መዝኖ ከሕመምተኞቹ ፍላጎት ጋር አነጻጸረ። ከተደረጉት ሙከራዎች ከመቶ 80 በላይ የሆኑት በመድኃኒት ላይ ነበሩ፤ በመድኃኒት ላይ ተጨማሪ ጥናት ይደረግልኝ ያለው ሕመምተኛ ግን ከመቶ 9 ብቻ ነበር። የቀሩት የፈለጉት ስለ ጉልበት ቅየራ ቀዶ ሕክምና፣ በሽታውን ይዞ ስለመኖርና ስለ ምክር ነበር። በ2004 «ጄምስ ሊንድ አላያንስ» የተባለ ማኅበር በዚያው አገር የተቋቋመው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው። ሕመምተኞች፣ አስታማሚዎችና ሐኪሞች ጥያቄዎቻቸውን ይሰጣሉ፤ የተሰጡት ጥያቄዎች ቀድመው ያልተመለሱ መሆናቸው ይጣራል፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ዋና ዋናዎቹን አሥር ይመርጣሉ። መድኃኒት አምራቾችና ተመራማሪዎች በምርጫው ድምፅ የላቸውም።

ስለ እርስዎ በሽታ ደግሞ እዚሁ አገራችን የተሠራ አለ። እርስዎ የሚያውቁት ዝሆኔ በወላይታና በሌሎች ደጋማ ቦታዎች የሚበዛው ከትንኝ ወይም ከተላላፊ ጀርም ሳይሆን በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ በእርግማን አይመጣም፣ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ቢኖርም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ያልተጠናው ለታመሙት ምን እናድርግ የሚለው ነበር። በ2018 ይፋ በሆነ በምሥራቅ ጎጃም በተካሄደ ሙከራ እግርን በሳሙናና በውኃ አዘውትሮ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ ማሰርና ካልሲና ጫማ ማድረግ እግርን በድንገት እያነደደ አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም ድግግሞሽ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶታል። ተመራማሪዎቹ የለኩት የእግሩን ውፍረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥቅም አይታይም ነበር። የአልጋ ቀናቱን መቁጠር ያስፈለገው ሕመምተኛን ከእርሻውና ከገበያው የሚያስቀረው ያ በመሆኑ ነው። እርስዎም በዚያ ስብሰባ ላይ ቢጠየቁ «የእግሬ መወፈር ሳይሆን በወር ውስጥ የምተኛባቸው ቀናት ናቸው ያደኸዩኝ» ይሉ ይሆናል፤ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጥናቱ ምን መለካት እንዳለበት ይወስናል።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1964 በአድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እንዶዱን ዘወትር በእጃቸው የያዙት አጣቢዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ የሳይንቲስቱ ብልኅነት ዓይናቸውን ወደዚያ ማዞራቸው ነው። ግኝቱ ለእርሳቸውና ለባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አስገኝቷል።

ሌላ ጊዜ ሲጠሩ እነዚህን አስቀድመው ይጠይቁ። ከእርስዎ ጋር ቢያንስ ሌላ አንድ ሕመምተኛ ይጠራ፤ ብቻውን የተቀመጠ ሰው አይናገርም። ስብሰባው በወላይትኛ ወይም በአስተርጓሚ ይሁን። የሚወያዩበት ወረቀት ከሳምንት በፊት ይድረስዎና ልጅዎ ያንብብልዎ። የመጓጓዣና የውሎ አበሉ ለሌሎቹ በተከፈለበት ሰዓት ለእርስዎም ይከፈል። ተራው ሲዞር የመጀመሪያው ተናጋሪ ሕመምተኛው ይሁን፤ ፕሮፌሰሩ ከተናገሩ በኋላ «እኔም እንደ እርሳቸው ነው» ከማለት ሌላ የሚቀር ነገር የለምና።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነርስ ነኝ። የማኅበራችን አባላት ለአገር ቤት የጤና ምርምር ብለን ገንዘብ አዋጥተናል። ከፊሉ ለካንሰር፣ ከፊሉ ለኩላሊት፣ ከፊሉ ለአእምሮ ጤና ይላል። በእጅ ብልጫ ብንወስን ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ የያዛችሁት የጥናት ጥያቄ ነው ወይስ የአገልግሎት? ሁለቱ በየስብሰባው ይቀላቀላሉ። የኩላሊት እጥበት ማሽን መግዛት አገልግሎት ነው፤ ምርምር ብሎ መጥራት ገንዘቡንም ጥያቄውንም ያሳስታል። አገራችን ለአገልግሎት የምትሰጠውን ቅድሚያ በ2019 በተሻሻለው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ፓኬጅ አውጥታለች፤ በዚያ ውስጥ 1,018 የሕክምናና የመከላከል ተግባራት ተካተዋል። ለመምረጥ ያገለገሉት መስፈርቶች የበሽታው ጫና፣ ወጪና ጥቅሙ፣ ፍትሐዊነቱ፣ ቤተሰብን ከኪሳራ መጠበቁ፣ በጀቱ ላይ የሚያሳድረው ጫና እንዲሁም የሕዝብና የፖለቲካ ተቀባይነቱ ናቸው። የጥናት ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ዝርዝር በኋላ ነው፦ በፓኬጁ ውስጥ አለ የተባለው አገልግሎት በአንድ ወረዳ ለምን አይገኝም?

የእጅ ብልጫው አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ምክንያት ሳይጻፍ የሚደረግ ብልጫ ነው። ኖርማን ዳንኤልስና ጄምስ ሳቢን የተባሉ ምሁራን ለእንዲህ ዓይነቱ ውሳኔ ቁም ነገር አስቀምጠዋል፦ ውሳኔውም ምክንያቱም ለሁሉም ይፋ ይሁን፤ ምክንያቱ የሚመለከታቸው ሰዎች ተገቢ ነው ብለው የሚቀበሉት ይሁን፤ ቅር ያለው ይግባኝ የሚልበት መንገድ ይኑር፤ እነዚህ መፈጸማቸውንም የሚቆጣጠር ይኑር። ለማኅበራችሁ ይህ ማለት በቃለ ጉባኤው ላይ «ለአእምሮ ጤና መረጥን» ብቻ ሳይሆን «ለዚህ፣ ለዚህ ብለን» ተብሎ ይጻፍ፣ በዓመቱም ይታይ ማለት ነው።

ገንዘቡ አነስተኛ ከሆነ ደግሞ አዲስ ጥናት አትጀምሩ። የተጠናቀቁ ጥናቶችን ውጤት ወደ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሌሎች ቋንቋዎች አስተርጉሞ መረጃው ወደ ተሰበሰበበት ጤና ጣቢያ የሚመልስ ሥራ ገንዘብ የሚሰጠው ስለሌለ ማንም አይሠራውም።

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ተመራማሪ ሲመጣ ቤት ለቤት የምመራው እኔ ነኝ፤ በየመጠይቁ «የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጎብኝታዎታል?» ይባላል። የእኔን ሥራ መብዛት ግን ማን ያጠናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፕሮግራሙ በ2003 ሲጀመር 16 የጤና ፓኬጆች ነበሩት፤ ከዚያ ወዲህ የተጨመረ እንጂ የተቀነሰ ብዙም አላስታውስም። እያንዳንዱ አዲስ ጥናት «የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህንንም ብትሠራ ውጤታማ ነው» ብሎ ሲደመድም ያን ለመሥራት የምትተወው የትኛውን እንደሆነ አይጠይቅም። ይህ በቅድሚያ መጠናት ካለባቸው ጥያቄዎች ቀዳሚው ነው እላለሁ፤ የጥናት ፕሮፖዛል የሚገመግሙ ኮሚቴዎችም ጥናቱ ከአንቺ የሚወስደውን ሰዓት በቁጥር እንዲገልጽ ቢያስገድዱ መልካም ነው።

እስከዚያው አንድ ሳምንት ብቻ በደብተር ያዢ። ከቤት የወጣሽበትን ሰዓት፣ የሄድሽባቸውን ቤቶች፣ በመንገድ የፈጀሽውን፣ መዝገብና ሪፖርት በመሙላት ያጠፋሽውን፣ ለስብሰባ የተጠራሽበትን፣ ተመራማሪ ስትመሪ የዋልሽበትን ለየብቻ ጻፊ። ጓደኛሽም በዚያው ጤና ኬላ እንዲሁ ታድርግ። የጎረቤት ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች ከተጨመሩ አራት ደብተር ይሆናል። ያንን ይዘሽ ወደ ወረዳው ግምገማ ሂጂ፤ ቅጂውን ለእኛም ላኪልን፤ ስምሽንና የቀበሌሽን ስም ሳንጠቅስ እናትመዋለን።